«ከ200 ባር በታች አትግዙ» ላሉት ጸሐፊ መልስ፦ ጭቃ የሚያወርደው ሊትር ነው

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ስለመግዛት ነው። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል፤ አንዱማ የላከልኝ ማሽኑን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ «ልክ ነኝ አይደል?» የሚል ጨምሮ። ፓምፕና ሞተር እየፈታሁ ለምኖር ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ለቤትም ለሱቅም መገዛት ያለበት ኮሜርሻል የሚባለው ከባዱ ማሽን ብቻ ነው፤ የቤት የሚባሉት መጫወቻ ናቸው። ባሩ፣ ማለትም የውሃው ግፊት መለኪያ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ማሽኑ ይሻላል፣ ከ200 በታች አይነካም። መብራት ስለሚጠፋ በቤንዚን የሚሠራውን ግዙ። ውሃ አያሳስባችሁ፣ ከበርሜልም ከጉድጓድም ከወንዝም ማሽኑ ራሱ ይስባል። ብራንድ ወሬ ነው፤ ሁሉም ቻይና ስለሆነ ከከባዶቹ መሀል ርካሹን ውሰዱ። ግፊት ካለ ሳሙናም ብሩሽም አያስፈልግም። እና ማሽኑ በሁለት ወር ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው አይደለም። ሰው ርካሽ ማሽን ገዝቶ ወዲያው ሲያቃጥል አይተው ተናደው የጻፉት ይመስለኛል፣ ንዴቱን እኔም እጋራለሁ። የማንስማማው መፍትሔው ላይ ነው።

ከባሩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያ ላይ ነውና። ባር ውሃው ምን ያህል እንደሚመታ ይነግራችኋል። በደቂቃ የሚወጣው ሊትር ደግሞ የተመታውን ቆሻሻ ይዞ የሚሄደው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይደለም። ሂሳቡም ከባድ አይደለም፤ ባሩን በደቂቃ ሊትሩ አባዙት፣ ለ600 አካፍሉት፣ ውሃው ይዞት የሚወጣውን ጉልበት በኪሎዋት ታገኛላችሁ። አሁን ሱቅ ውስጥ የምታዩትን ዓይነት ስቲከር እንውሰድ፦ 250 ባር፣ 8 ሊትር በደቂቃ፣ 2200 ዋት። 250 በ8 ሲባዛ 2000 ነው። ለ600 ሲካፈል 3.3 ኪሎዋት ይመጣል። ሞተሩ ከሶኬት የሚወስደው ግን 2.2 ብቻ ነው። ቀሪውን ከአንድ ኪሎዋት በላይ ከየት አመጣው? ከየትም። ፓምፑና ሞተሩ ራሳቸው የሚያባክኑት አለና እንዲህ ዓይነት ማሽን 8 ሊትር እየረጨ በተግባር የሚሰጠው 120 ባር አካባቢ ነው። ስቲከሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ማሽኑ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ የሥራው ግፊት ካለም ከጎኑ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። እሱን ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ ለምን እንደሌለ ሻጩን ጠይቁት።

ሻጩ ማሽኑን አስነስቶ ግፊቱን የሚያሳየውን ጌጅ ቢያሳያችሁም ቶሎ አትመኑ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ኖዝል (ውሃው የሚወጣበት አፍ) ከተገጠመ ጌጁ ይወጣል። ኖዝሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 25040 የሚል ካለ፣ 25 ውሃው የሚረጭበት ስፋት በዲግሪ ነው፣ 040 ደግሞ የቀዳዳው ልክ ነው፤ ይህ ልክ በ150 ባር በደቂቃ ወደ 11 ሊትር ያሳልፋል። ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ኖዝል ሲበላ ቀዳዳው ይሰፋና ግፊቱ ይወርዳል። ባለቤቱ «ፓምፑ ሞተ» ብሎ ተሸክሞት ይመጣል፣ የሚያስፈልገው ግን አንዲት ጣት የማትሞላ ኖዝል ናት።

ታዲያ ለእኛ የቱ ይሻላል? ሁለት ማሽን አስቡ። አንዱ 200 ባር በ7 ሊትር፣ ሌላው 130 ባር በ11 ሊትር። ጉልበታቸው ሲሰላ እኩል ነው ማለት ይቻላል። በክረምት ቡና ሊጭን ገጠር ገብቶ የወጣ አይሱዙ ሥሩ ምን እንደሚመስል ጅማ ላይ ለሚኖር ሰው አልነግርም፤ ያ ቀይ ጭቃ ሻሲው ላይ ተጋግሮ ይደርቃል። የመጀመሪያው ማሽን ጭቃውን በቀጭን መስመር ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ልጁ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ሲመታ ይውላል። ሁለተኛው ያርሰዋል፣ ይገፋዋል፣ ያወርደዋል። የላቫጆ ሥራ ሁለተኛው ነው። 200 ባር የሚያስፈልገው ሥራ የለም አላልኩም። የድሮ ቀለም ከብረት ላይ ለመላጥ፣ ሲሚንቶ የተጋገረበት ማደባለቂያ ለማጽዳት ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ለባጃጅ ግን አይደለም። ባጃጅ ላይ ዜሮ ዲግሪ የሚባለውን ቀዩን ኖዝል አስጠግቶ የሚረጭ ሰው ውሃውን ጎማው መሀል ካለው ኩሽኔት ውስጥ ያስገባል፣ ግራሶው ይወጣል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኩሽኔቱ መጮህ ይጀምራል። የራዲያተር ክንፎች ይተኛሉ። የጎማ ጎን ይቆስላል። አጥር ግቢ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንኖረው በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት ነው፤ ግድግዳውን «ላጽዳው» ብሎ በ200 ባር የመጣ ሰው ልስኑን ከነጭዱ አውርዶ ይሄዳል። የሰው ቆዳማ አይነሳም፤ በቅርብ የተረጨ ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ላዩ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ቢታይም ያለ ወሬ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ቤንዚኑ ጋ እንምጣ። መብራት ይጠፋል፣ ማን ይክዳል። ግን ቤንዚንም ይጠፋል፣ ሰልፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 6.5 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 5.4 አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት እንዲህ አይደክምም፣ ትንሽ ቶሎ ይሞቃል እንጂ። በዚያ ላይ ያ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ይጠጣል፤ የመጀመሪያ ዘይቱ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ መቀየር አለበት። ካንዴላውና ፊልትሮው ሳይቆጠሩ። ጩኸቱን ለጎረቤት ልተወው። ጭሱ ግን ቀልድ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር በር ገርበብ አድርጎ የቤንዚን ማሽን ማስነሳት ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ለሱቅ የሚመክር ጽሑፍ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አለመጥቀሱ አሳዝኖኛል።

መብራት ጭራሽ በማይደርስበት ቦታ፣ ግንባታ ላይ፣ ወይም ማሽኑን ፒክአፕ ላይ ጭኖ እየዞረ ለሚያጥብ ሰው ቤንዚን ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለሌላው ግን መጀመሪያ ቆጣሪውንና ሽቦውን ያይ። ባለ አንድ ፌዝ ቤት ውስጥ ጥሩው ሶኬት 16 አምፔር ነው፣ በ220 ቮልት ከ3.5 ኪሎዋት አያልፍም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ማሽን ስሪ ፌዝ ይፈልጋል ማለት ነው። ለምሳሌ 150 ባር በ15 ሊትር የሚረጨው ትልቁ የላቫጆ ማሽን ውሃው ላይ ብቻ 3.75 ኪሎዋት ያወጣል፣ ሞተሩ ከዚያም ይበልጣል። ጽሑፉ «ትንሽ ጀነሬተር ይበቃዋል» ይላል። አይበቃም። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ጀነሬተሩ ያቃስታል፣ ሞተሩም አይነሳ። ከሶኬቱ እስከ ማሽኑ ቀጭን ማከፋፈያ ዘርግቶ፣ የተረፈውን ጠቅልሎ አስቀምጦ የሚሠራም አለ። የተጠቀለለ ሽቦ ይግላል፣ ይቀልጣል። ሽቦው ቢያንስ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፣ ኧርዝ ይኑረው፣ ከፊቱም ሰው ሲነዝር የሚቆርጠው ብሬከር ይግባ። እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ልጅ ነው ውሃ የሚረጨውን ሽጉጥ የሚይዘው።

ውሃ። ጽሑፉ በአንድ መስመር ያለፈው ይሄ ለእኔ የጉዳዩ ግማሽ ነው። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከምትቀዱበት ጎማ ሥር አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር አላችሁ። በሦስት ደቂቃ ከሞላ 6.7 ሊትር ነው፣ ባለ 8 ሊትሩን ማሽን እንኳ አይመግብም። የተራበ ፓምፕ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይበላዋል። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም፣ ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ይመስላል። ያንን ድምፅ ይዞ መሥራት ፓምፑን በቁሙ መግደል ነው።

«ከበርሜል ይስባል» ላሉት ግማሹን እቀበላለሁ። ትልቁ ባለ ሦስት ፒስተን ፓምፕ ጎኑ ከተቀመጠ በርሜል፣ በአጭርና በወፍራም ጎማ ይስባል። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ግን ውሃው ተገፍቶ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ደግሞ በርሜሉ ስንት ደቂቃ ነው? 200 ሊትር በርሜል ባለ 15 ሊትር ማሽን ሥር 13 ደቂቃ ነው፣ አንድ አይሱዙ ሳይጨርስ ያልቃል። ባለ 8 ሊትሩ ላይ 25 ደቂቃ ይቆያል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ያለ ሰው ከማሽኑ በፊት ሮቶ ይግዛ። ሁለት ሜትር የብረት መቀመጫ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው፣ ግን ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያንቀው ከሮቶው እስከ ማሽኑ የተዘረጋው ቀጭን ጎማ ነው። ቢያንስ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች አድርጉት።

ከጉድጓድ መሳብ የሚባለውን እርሱት። ምንም እንከን የሌለው ፓምፕ እንኳ ባሕር ወለል ላይ ሆኖ ከ10 ሜትር ብዙም አልፎ መሳብ አይችልም፣ ጅማ ላይ ደግሞ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ይህም በወረቀት ነው። የማጠቢያ ማሽን ፓምፕ የተሠራው ለመግፋት ስለሆነ አንድ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃ ጋር ነው ትግሉ የሚጀምረው። ጉድጓድ ካላችሁ ውሃውን በሌላ ፓምፕ ወደ ሮቶ አውጡ፣ ከሮቶ ማሽኑ ይውሰድ።

የወንዙ ምክር ደግሞ የባሰ ነው። አዌቱ በክረምት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እያየን ነው የምናልፈው። ያ ደለል ፓምፕ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን ላሳያችሁ። ፓምፑን ስትፈቱት ሦስት ነጫጭ የሴራሚክ ፒስተኖች ታገኛላችሁ፣ ደህናው ለጣት እንደ ሲኒ ይለሰልሳል። ወንዝ የጠጣው ላይ ግን ጥፍራችሁን ስታስኬዱ ቁመቱን የተከተለ ጭረት ያዝ ያዝ ያደርጋችኋል። ጎሚኒው (ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገው ጎማ) ጠርዙ ተበልቶ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ወተት መስሏል፣ ይህ ማለት ውሃው አልፎ ፒስተኖቹን ወደሚገፋው ዘንግ፣ ወደ ኮሎው ክፍል ገብቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጎሚኒ ብቻ ቢቀየር አይረባም፣ የተጫረው ፒስተን አዲሱንም ይበላዋል። ይህን ሁሉ የሚያስቀር ነገር ደለሉ የሚዘቅጥበት በርሜል፣ ከበርሜሉ ሥር ሳይሆን ስንዝር ከፍ ብሎ የወጣ ቧንቧ፣ እና ማሽኑ መግቢያ ላይ ያለች በየቀኑ የምትታጠብ ፊልትሮ ነው።

የቤት ማሽን መጫወቻ ነው ወይ? በ1950 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውሃ ግፊት ማጠቢያ የሠራው ካርቸር ራሱ የቤቱን ቢጫ፣ የሥራውን ግራጫ ቀብቶ ለይቶ ይሸጣል። ሁለት ዓይነት ደንበኛ ስላለ ነው። አንዲት ቪትዝ ያለችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት የሚያጥብ ሰው ስሪ ፌዝ የሚፈልግ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ማሽን ምን ያደርግለታል? ለእሱ ከ100 እስከ 120 ባር፣ ከ6 እስከ 8 ሊትር ተርፎታል። ጸሐፊው ልክ የሆኑት ሌላው ጫፍ ላይ ነው፤ ያንን የቤት ማሽን ላቫጆ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስጮህ ሰው ያቃጥለዋል። የቤቱ ሞተር በአብዛኛው ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል፣ እየተበላ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለው፣ በጣም በፍጥነት የሚሽከረከርና የሚጮህ ነው፣ እረፍት ይፈልጋል። ለሥራ የሚሆነው ካርቦን የለውም፣ በደቂቃ 1400 አካባቢ ይዞራል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ የፓምፑ ራስ ናስ ነው፣ የፓምፑን ዘይት የምታዩበት መስታወት አለው። ከባድ ነው፤ «ክብደቱን እዩ» ያሉት ጥሩ ምክር ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፣ የብረት ፍሬምና ጎማ ጨምሮ ማክበድ ቀላል ነውና።

ለሥራ የሚሆነውንም ቢሆን የሚገድል አንድ ልማድ አለ። አጣቢው ሽጉጡን ይለቃል፣ ሞተሩ እየዞረ ሳሙና መቀባት ይጀምራል፣ ወሬም ይጨመርበታል። የቤት ማሽኖች ሽጉጡ ሲለቀቅ በአብዛኛው ራሳቸው ይጠፋሉ። ትልልቆቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያው ውሃ ፓምፑ ውስጥ ይሽከረከራል፣ በደቂቃዎች ይፈላል፣ ጎሚኒው ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል። ከሁለት ደቂቃ በላይ የማትረጩ ከሆነ አጥፉት። ይህን የማይቀበል አጣቢ የቀጠረ ሰው የገዛው ማሽን ምንም ቢሆን ያው ነው።

«ሁሉም ቻይና ነው» ስለሚለው ብዙ አልልም። የታወቁ የአውሮፓ ብራንዶችም ቻይና ውስጥ ፋብሪካ አላቸው። አገሩን ተዉትና መለዋወጫ ጠይቁ። ብዙዎቹ የቻይና ፓምፖች እንደ ኢንተርፓምፕ ያሉ የጣሊያን ፓምፖችን ቅርጽ ተከትለው የተሠሩ ስለሆኑ ጎሚኒና ቫልቭ ሲፈለግ ከሌላ የሚገጥም ይገኛል። ማንም የማያውቀው ቅርጽ ከሆነ ግን ለአንዲት ጎሚኒ 350 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ሰው ማስለመን ነው፣ እሱም ካለ። ሻጩን «ጎሚኒው አሁን እጅህ ላይ አለ ወይ? አሳየኝ» በሉት። ካሳየ ግዙ።

ሳሙና አያስፈልግም የሚለው የሚሠራው ለደረቅ ጭቃ ብቻ ነው። መኪና ላይ ያለው ቀጭን የጭስና የዘይት ንጣፍ በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት አይለቅም፣ ደርቆ ሲታይ ጣት ቢያስኬዱበት መስመር ይወጣል። ሥጋ ቤት ወለል ላይማ ጨርሶ አይሆንም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስብን አያሟሟም፣ ግፊቱ ደግሞ አንስቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። እዚያ የሚሠራው ሙቅ ውሃ፣ የስብ ማጽጃ ሳሙናና ዝቅ ያለ ግፊት ነው።

በመጨረሻ የሁለት ወር ትርፉ። ጽሑፉ የአንዱን ቀን ገቢ በሠላሳ አባዝቶ ነው የደረሰበት። የልጆቹ ክፍያ የለም፣ የውሃ ቦቴ የለም፣ መብራት የጠፋበት ቀን የለም፣ ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ማንም መኪና የማያሳጥብ መሆኑ የለም። የፓምፑ ዘይትም የለም፤ በአብዛኛው መጀመሪያ ከ50 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ500 ሰዓቱ ይቀየራል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ላቫጆ 500 ሰዓትን ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ስሪ ፌዝ ለሌለው፣ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅና ሚኒባስ ለሚያጥብ ሰው እኔ የምለው ይህ ነው፦ ካርቦን የሌለው ባለ 3 ኪሎዋት ሞተር፣ 130 ባር፣ ከ10 እስከ 11 ሊትር፣ የናስ ራስ፣ ከበስተኋላው ባለ 2000 ሊትር ሮቶ። ከማሽኑ ዋጋ የተረፈው ለሮቶውና ለሽቦው ይሁን። ጸሐፊው አሁንም 250 ባር ይሻላል ካሉ ደስ ይለኛል፣ እንነጋገር፤ ብቻ ሲመልሱ የማሽኑን ስቲከር ፎቶ አንስተው ዋቱንና ሊትሩን አብረው ያምጡልን፣ ለ600 እዚሁ እናካፍለዋለን።